ከበሩ የተመለሰው ሰው

«ሀኒያ የምትባለው አለች?»

የወንድ ድምፅ ነው፤ የመጣውም ከለቅሶው ድንኳን አፍ። ሴቶቹ በተቀመጡበት ክፍል ሹክሹክታው ቀጥ አለ። ሀኒያ ልጇን ተቅዋን ከጭኗ ብድግ አድርጋ፣ ጫማ እንኳ ሳትፈልግ፣ በጓሮ በኩል ወጣችና ቅመም የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ገባች። በሩን ከውስጥ ዘግታ በጆንያዎቹ መካከል ተቀመጠች። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ የባሏ የኑርሑሴን ሽታ ነበር። ከቀበሩት ገና ሦስት ቀን አልሞላውም።

«ማን ነው?» አለች ተቅዋ።

ሀኒያ የልጇን አፍ በመዳፏ ሸፈነች።

ጠዋት የሰማችው ነገር ከጆሮዋ አልወጣም። የባሏ ወንድም ኡበይዳ ከድንኳኑ ጀርባ ከአንድ ለቅሶ ደራሽ ጋር ሲያወራ በመስኮት ሰምታው ነበር። «ፈቃድ የሌለውን የውጭ ሰው እየለቀሙ ነው ይላሉ። ልጅቷስ ችግር የለባትም፤ በአባቷ ኢትዮጵያዊት ናት፣ እኛው ጋ ትቀራለች። እናቷን ግን መተማ ወስደው ቢያሻግሯትስ?» ሰውዬው «ወደዚያ እሳት?» አለ።

ሀኒያ የሱዳን፣ የኦምዱርማን ልጅ ናት። አማርኛ የለመደችው ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ ከባሏ ሱቅ ነው። በአማርኛ ዋጋ ተከራክራ ደንበኛ ታስቃለች። «ትቀራለች» የሚለውን ቃልም ድሮ ታውቀዋለች፤ እንዲህ የሚያስፈራ ቃል መሆኑን ግን ዛሬ ገና አወቀች።

ኑርሑሴን እኮ «ጨርሼዋለሁ» ብሏት ነበር። የመኖሪያ ፈቃዷን ባነሳችበት ቁጥር፣ «ጠበቃው ጋ ነው፤ ጨርሼዋለሁ፤ አትስጊ» ይላታል። ዋሽቷት አያውቅም። ጦርነቱ ሰፈራቸው ሲደርስ ኦምዱርማን የነበረውን ሱቁን ለእሳት ትቶ፣ ተቅዋን በትከሻው ተሸክሞ፣ እሷን በእጇ እየጎተተ በጥይት መሀል ያወጣት እሱ ነው። የዚያን ሰሞን አንድ ነገር ብቻ ገርሟት ነበር። ሲተኮስ ያልደነገጠው ሰው ድንበሩ ላይ ደርሰው ማኅተም የሚመታበት መስኮት ፊት ሲቆሙ፣ እጇን የያዘው እጁ በላብ ራሰ። ድካም ነው ብላ አለፈችው።

የዕቃ ቤቱ በር ተንኳኳ። ልጇን ወደ ራሷ ሳበች።

«ክፈቺ ልጄ» አሉ አማቷ ዘይነት። «የፈራሽው አይደለም። ጠበቃ ነው።»

ጠበቃው አንዳርጋቸው፣ ሹም አቦ ሰፈር የሚኖር፣ ከባሏ ሱቅ ሁለት ቤት አልፎ ቢሮ ያለው ጎልማሳ ነው። ጓዳ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን በጉልበቱ ይዟል። ስትገባ ብድግ አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሰው መሀል ስም ጠርቼ ስላስደነገጥሁዎት ይቅርታ። ግን የሚያድር ነገር አይደለም።»

«ፈቃዴ እርስዎ ጋ ነው አይደል?» አለች። «ኑርሑሴን ጨርሻለሁ ብሎኛል።»

አንዳርጋቸው ዘይነትን አየ፤ በሩ ላይ የቆመውን ኡበይዳን አየ።

«አልተጨረሰም» አለ ቀስ ብሎ። «አልተጀመረምም።»

ሀኒያ ግድግዳውን ያዘች።

«ማመልከቻውን ጽፌ ኢሚግሬሽን ቢሮ አብረን ሄድን። ዘበኛው ግቡ ሲለን ኑርሑሴን ስልኬን ረሳሁ ብሎ ተመለሰ። ሌላ ቀንም ሄድን፤ ራሴን አመመኝ አለ። ኋላ ብቻውን እየሄደ ከበሩ ማዶ፣ ከዋርካው ሥር ቆሞ ቆሞ ሲመለስ አየሁት። ምን ሆነህ ነው ብለው ወሬ ለወጠብኝ።»

«ኑርሑሴን?» አለ ኡበይዳ። «ያን ሁሉ መድፍ አልፎ የመጣ ሰው በር ፈራ?»

ሀኒያ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ዋሽቷታል። በየሳምንቱ፣ ዓይኗን እያየ፣ ዋሽቷታል። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ የሙሽርነታቸው ወራት። ኑርሑሴን በር ዘግቶ አይተኛም ነበር። ሌባ ቢገባስ ብትለው፣ «ሌባ ይግባ» ይላታል። ብዙ ከለመነችው በኋላ፣ ለማንም እንዳትናገር አስምሎ ነገራት። መሐላው እስከ ሞት ነበር፤ ሞት ደግሞ መጣ።

«ዓረብ አገር ሳለ» አለች፣ ቃል እየፈለገች። «ፈቃዱ አለፈበት። ራሱን ለሚያቀርብ ሰው ይቅርታ አለ ሲሉ ሰማ። ታጥቦ፣ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ በገዛ እግሩ ሄደ። ገባ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ አስገቧቸው፤ ሰው በሰው ላይ፣ በተራ ነው የሚተኙት። ከአገሩ ልጅ አንዱ ትከሻው ላይ እንደተደገፈ ሞተበት። ቢጮሁ፣ በሩን ቢደበድቡ፣ የሚከፍት የለም። ኋላ አውሮፕላን ላይ ጭነው ወደዚህ መለሱት። እኛ አገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

ከድንኳኑ ቁርኣን የሚቀራው ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ለኔ አገር ናፈቀኝ ነው ያለኝ» አሉ ዘይነት በመጨረሻ። እያንዳንዱን ቃል ከሩቅ የሚያመጡት ይመስሉ ነበር። «ከዓረብ አገር የመጣ ለት አልጋ አነጠፍሁለት፤ በረንዳ ላይ ተኛ። ይሞቀኛል አለኝ። ክረምት እኮ ነበር። ዝናብ እያባረረው እንኳ አልገባም።»

ኡበይዳ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «እንግዲያ ወረታ ያለችው አክስታችን ጋ እንደብቃት። ማንም አያገኛትም።»

«እስከ መቼ?» አለ አንዳርጋቸው። «ተደብቃ ብትያዝ የምትናገረው ነገር የላትም። ራሷን ካቀረበች ግን አላት። የኢትዮጵያዊ ሚስት ናት፤ የኢትዮጵያዊት እናት ናት። ከጦርነት የሸሸን ሰው ደግሞ ወደ ጦርነቱ መልሱ የሚል ሕግ የለንም።»

«ቢይዙኝስ?» አለች ሀኒያ።

ጠበቃው ባርኔጣውን ዱካው ላይ አስቀመጠ። «አይይዙዎትም ብዬ አልምልም። ከጎንዎ አልነቃነቅም ብዬ ግን እምላለሁ።»

«ዒዳ ላይ አይደለች?» አለ ኡበይዳ። «ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት እንዴት ትወጣለች?»

«ሼሁን ጠይቅ» አሉት እናቱ። «ለጭንቅ ጉዳይ ቀን ወጥታ ለማታ ቤቷ ከገባች አይከለክሏትም። ደግሞ ብቻዋን አትሄድም። እኔ አለሁ።»

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ሀኒያ፣ ዘይነትና ጠበቃው በባጃጅ ሄዱ። ተቅዋ ከአጎቷ ጋር ቀረች። ሀኒያ ከመውጣቷ በፊት የልጇን ፀጉር ፈትታ እንደገና ሠራችው፤ ሌላ ሰው ሳይሠራው ብዙ እንዲቆይ ጠበቅ አድርጋ።

ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ የመሥሪያ ቤቱን የብረት በር ያንገጫግጨዋል። ዘበኛው «ግቡ» አለ። ሀኒያ አንድ እግሯን አነሳች፤ ሁለተኛው እምቢ አላት። ላቧ በጀርባዋ ወረደ። ዘወር ብላ ዋርካውን አየች። እዚያ ድረስ ደርሶ መመለስ ምን ያህል ቀላል ነበር! ለቀናት ሆዷ ውስጥ የተቀመጠው ቁጣ የት እንደገባ ጠፋት። ይኸው ነበር እንግዲህ፤ በየሳምንቱ ለእሷ ሲል ይችን በር ሊገባ መጥቶ ኖሯል። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስትል ዘይነት ክንዷን ያዟት።

«ባለጉዳይዋና ጠበቃው ብቻ» አለ ዘበኛው።

«ባሏ ቢኖር ይገባ አልነበር?» አሉት ዘይነት።

«ባልማ ይገባል።»

«እንግዲያ እኔ በሱ ፈንታ ነኝ» አሉና የሀኒያን ክንድ ሳይለቁ አለፉ። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ሀኒያ ዓይኗን ጨፈነች።

ውስጥ የተቀበለቻቸው ወጣት ሠራተኛ ናት። «ባለቤትሽ የት ነው?» አለቻት ቀና ሳትል።

ሀኒያ እስከዚያች ሰዓት ቃሉን በአፏ ብላው አታውቅም። «ሞቷል» አለች።

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ነፍስ ይማር» አለች፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ የጋብቻውን ማስረጃ ጠየቀች። ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል። አንዳርጋቸው መናገር ሲጀምር ዘይነት ቀደሙት።

«ኒካሁ ሲታሰር በስልክ ሰምቻለሁ። እሺ ስትል ድምጿን ሰምቻለሁ። ከመጡ ወዲያም እኔ ቤት ነው የኖሩት። ሚስቱ ናት። ቢያስፈልግ ሰፈሩን ጥሪው።»

ሠራተኛዋ ማመልከቻውን ይዛ ወደ ኃላፊዋ ገባች። ቆየች። በኮሪደሩ የከባድ ጫማ ኮቴ እየቀረበ መጣ፤ ሀኒያ የወንበሩን ጠርዝ ጨመደደች። የተቅዋን ስም በልቧ ደጋግማ ጠራች። ኮቴው አልፎ ሄደ።

ሠራተኛዋ ተመልሳ ተቀመጠች። «ጉዳይሽ ይታያል። እስኪወሰን በጊዜያዊ ወረቀት እዚሁ ትቆያለሽ፤ በየወሩ እየመጣሽ ትቀርቢያለሽ። ውሳኔው ምን ይሆናል ብትይኝ አላውቅም። ዛሬ ግን ወደ ልጅሽ ትሄጃለሽ።»

የምስክርነቱ ወረቀት ላይ መፈረም ነበረባቸው። ዘይነት መጻፍ አይችሉም። አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አድርገው፣ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው፣ ረዘም አድርገው ተጫኑ።

ሲወጡ አንዳርጋቸው ባጃጅ ሊጠራ ቀደመ። በሩን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ሀኒያ ቆመች። የአማቷን እጅ ተቀብላ፣ በሻሿ ጫፍ ቀለሙን ከአውራ ጣታቸው ትጠርግ ጀመር።

«ተዪው ልጄ፣ በውኃ ይለቃል» አሉ ዘይነት፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

ሀኒያ አልተወችውም። የሻሿን ጫፍ በምራቋ አርጥባ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በጥፍራቸው ዙሪያ የቀረውን ቀስ እያለች ጠረገችው።