ቢሆንስ የሚባለው ድንች

ጸሐይ ቀዳዳውን ያየችው ድንቹን ግማሽ ድረስ ከበላች በኋላ ነው።

ክብ ነበር፤ የእርሳስ ውፍረት ያህላል። ከአንድ ጫፍ ገብቶ መሃል ላይ ያበቃል። ትል የበላው አይመስልም። ወጡ ውስጡ ገብቶ ቀላ አድርጎታል። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ፣ ጎረቤት ሁሉ ሲለምናት ቆይቶ፣ እሺ ብላ የቀመሰችው የመጀመሪያ ምግብ ይህ ነበር። ጉርሻውን ከአፏ አውጥታ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«ምነው፣ ጨው በዛበት?» አለች ሙሉካ። ሙሉካ በአጥር የምትዋሰናት ጎረቤቷ ናት፤ ለቅሶው ከተጀመረ ጀምሮ ከጸሐይ ጓዳ አልወጣችም።

«ድንቹን ከየት አመጣሽው?»

«ከዚሁ ከጓዳ ነዋ፣ እትዬ ጸሐይ። ቅርጫት ውስጥ ነበር። እንግዳው በዛ፣ እኛ ያዋጣነው አለቀ፣ ምን ላድርግ?»

«እንጨት አልተሰካበትም ነበር?»

«ተሰክቶበት ነበር። ልጅ የተጫወተበት መስሎኝ ነቅዬ እሳት ውስጥ…» የጸሐይን ፊት ስታይ አቋረጠች።

ጸሐይ አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጇን አትጠገብን ሳበችና ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች። «አፍሽን ክፈቺ! እሾህ ውጠሻል?»

«አልዋጥኩም፣ እማዬ» አለች ልጅቱ ጣቱን እየሸሸች። «የአባዬ የአበባ ድንች ነው ብያቸው ነበር። ሂጂ ተጫወቺ አሉኝ።»

ለቅሶ ሊያደርሱ የመጡት ሴቶች ተያዩ። ከመካከላቸው የሳቀ የለም።

ስሙን ለሰማ ሰው፣ የጸሐይ ባል ወንድይፍራው ጽጌረዳ የሚያባብል ሰው አይመስልም። የነጋዴውን የነጅሙዲንን ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከዲላ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ጨውና አቡጀዲ ጭኖ ይመለሳል። እሱ መንገድ ላይ በዋለ ቁጥር ጸሐይ ቤቷ ተቀምጣ መኪናዋን በሐሳቧ ስትገለብጣት ትውላለች፤ አንዴ ገደል፣ አንዴ ወንዝ፣ አንዴ ፍሬኗ ተበጥሶ። የሚመለስበት ቀን ሲደርስ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ደፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ጡሩምባው ከመታጠፊያው እስኪሰማ ድረስ ከዚያ አትነሣም።

«ቆልፈሽ ተኚ እንጂ» ይላታል ሁልጊዜ። «አንኳኩቼ እገባለሁ።»

«ከቆለፍኩት ውጭ የምትቀር ይመስለኛል።»

አንድ ጊዜ ታዲያ ድንች ይዞላት መጣ። ድንቹ ላይ ከአዲስ አበባ፣ ከአንድ ዘበኛ ወዳጁ ግቢ የተቆረጠ የጽጌረዳ እንጨት ተሰክቶበታል። ጫፉን አግድም ቆርጦ ማር አስነክቶታል። ድንቹ ራሱ እንዳይበቅል ዓይኖቹን በቢላዋ ፍቆ አውጥቷቸዋል።

«ድንቹ ምን ይሠራል?» አለችው።

«ውኃ ያጠጣዋል። እኔ መሪ ይዤ ልጅ ላጠባ ነው እንዴ?»

ድንቹን ከነእንጨቱ አፈር ውስጥ ቀበረው። ከተሰበረ የመኪና የፊት መብራት የቀረውን መስታወት ከላይ ደፋበት፤ ከውስጥ ላብ ላብ አለው። «በቃ» አላት እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ «እኔን ከምትጠብቂ ይህን ጠብቂ። እኔን መጠበቅ ያከሳል።»

ጸሐይ ሁለቱንም ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ ወንድይፍራው ባዶ እጁን አልመጣም። በአጥሩ ሥር የተሰለፉት ጽጌረዳዎች ስማቸው የመንገድ ነበር፤ «ጎማው የፈነዳ ጊዜ»፣ «ድልድዩ የሞላ ጊዜ»፣ «ይርጋጨፌ ያደርኩ ጊዜ»። እያንዳንዱ ባሏ በደህና የተመለሰበት ጉዞ ነው። ማለዳ ስታጠጣቸው የምታመሰግን ይመስላት ነበር።

በመጨረሻው ጉዞ ራሱን እያመመው ገባ። ቅርጫቱን ጓዳ አስቀመጠና «ነገ እተክላቸዋለሁ» ብሎ ጋደም አለ። እሷም ገባልኝ ብላ፣ ደስ ብሏት መቀርቀሪያውን ሳበች። ከቆላ ይዞት የመጣው ወባ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን መንገዱን ስትጠብቅ፣ የፈራችው ነገር አብሮት በበሩ ገባ።

ጸሐይ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ ማድ ቤት ገባችና አመዱን በእጇ በተነችው። እንጨቶቹ እዚያው ነበሩ፤ ጠቁረዋል፣ ተጣመዋል። አንዱን በጥፍሯ ፋቀችው። ውስጡም ከሰል ነው።

«እሳቱ እንኳን እምቢ ብሎኝ ነበር» አለች ሙሉካ ከኋላዋ። «እርጥብ ነው አልኩ። ግን ማነው ድንች ላይ አበባ የሚተክል? እኛ እንሰት ነው የምንተክል።»

«ውጪልኝ» አለች ጸሐይ። «ከቤቴ ውጪልኝ!»

ሙሉካ አንገቷን ደፋች። «እሺ እወጣለሁ። ሳህኖቹን ልጠብና እወጣለሁ።»

ጸሐይ አመድ በአመድ ሆና ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። ከግድግዳው ማዶ፣ ዳሱ ውስጥ፣ ወንዶቹ ያወራሉ። የነጅሙዲን ወፍራም ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ ይሰማል። የመኪናዋ ባለቤት ከቀብሩ ወዲህ ሱቁን እየዘጋ እየመጣ ይቀመጥ ነበር።

«መኪናዬን የድንች ጎተራ አደረጋት» ይላል። «አንድ ቀን እኔው አብሬው ስሄድ ርቦኝ ድንች ባነሣ፣ ‹ጋሼ፣ እሱን ከሚነኩ እኔን ይብሉኝ› አለኝ እኮ! አላህ ይማረው።»

ወንዶቹ ቀስ ብለው ሳቁ። ጸሐይ ግን ቀና አለች።

አንድ ጊዜ፣ ቅርጫቱን ከእጁ ስትቀበለው፣ እንደ ልማዷ ጠይቃው ነበር። «ቅርጫቱ ቢገለበጥስ? ፍየል ቢበላውስ? ሁሉም ቢደርቅስ?»

ወንድይፍራው እስኪያስለው ሳቀ። «አንቺን ካገባሁ ወዲህ እኔም ተምሬያለሁ። አንዱን ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ከመቀመጫዬ ሥር አስቀርቼ፣ ሌሎቹ ሲጸድቁ ነው የምጥለው። ስሙም ‹ቢሆንስ› ነው። ያንቺ ድንች ነው።»

ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ዳሱ ወጣች። ወንዶቹ ልታለቅስ የመጣች መስሏቸው ተነሡ።

«ጋሽ ነጅሙዲን፣ መኪናዋ የት ናት?»

«ከሱቁ ጀርባ፣ ግቢዬ ናት፣ እህቴ። ቡና እየተጫነባት ነው። አዲሱ ሹፌር ሳይመሽ ይዟት ይወጣል። ምነው?»

«ከመቀመጫው ሥር የቀረ ነገር አለኝ።»

«ምን እሱ! ሰው ልኬ አስመጣልሻለሁ።»

«የላኩት ሰው ድንች ነው ብሎ ይጥለዋል።»

ነጅሙዲን መንገዱን ሊመራት ዞረ። ሴቶቹ ግን ደርሰው ክንዷን ይዘዋል። «ኧረ ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም!» «ልቧን ነካት መሰለኝ።» «ሰው ምን ይላል፣ ጸሐይ? አፈሩ ሳይደርቅ ገበያ መሃል!»

ያን ጊዜ ሙሉካ እጇ ውኃ እያንጠባጠበ መጣች። የራሷን ጋቢ አውልቃ ጸሐይን ከራሷ እስከ ጉልበቷ ሸፈነቻት።

«እኔ ይዣት እሄዳለሁ» አለች። «ሰው የሚል ካለ እኔን ይበል። ድንቹን የቀቀልኩ እኔ ነኝ።»

ነጅሙዲን ቀድሞ ወጣ፤ ሁለቱ ሴቶች ተከተሉት። መንገድ ላይ የሚያውቋት ሁሉ ፊታቸውን መለስ እያደረጉ ያሳልፏት ነበር። ጸሐይ ማንንም አላየችም። በሐሳቧ መኪናዋ ስትወጣ ታያታለች፤ ሹፌሩ መቀመጫውን ሲጠርግ ታየዋለች፤ የደረቀ ድንች አንሥቶ በመስኮት ሲወረውር ታየዋለች። እርምጃዋ ወደ ሩጫ ሆነ።

መኪናዋ ቆማ ነበር፤ ሞተሯ ግን ተነሥቶ እየተንቀጠቀጠች ነው። ነጅሙዲን በሁለት እጁ እያውለበለበ አስጠፋት። አዲሱ ሹፌር ወርዶ ባርኔጣውን አነሣ።

ጸሐይ እዚህ መኪና ላይ ወጥታ አታውቅም። ወንድይፍራው ዝዋይን ላሳይሽ ብሎ ስንቴ ለምኗት ነበር፤ ፈርታ እምቢ እንዳለች ቀረች። ዛሬ ሙሉካ ከታች እየደገፈቻት ወጣች። መቀመጫው በእሱ ልክ ጎድጉዷል። እጇን ከሥሩ ሰደደች፤ ጨርቅ፣ የብሎን መፍቻ፣ ከዚያ ቀዝቃዛና ድቡልቡል ነገር።

ድንቹ ተጨማዷል። እንጨቱ ጫፍ ላይ የነበረችው ቅጠል ጠቁራ፣ ስትነካት ረገፈች።

«ሞተ?» አለች ሙሉካ ከታች።

ጸሐይ ከእሾሁ በታች ልጡን በጥፍሯ ጫረችው። ውስጡ አረንጓዴ ነበር፤ ጥፍሯን አረጠበው።

«አለ» አለች። አንድ እጇን መሪው ላይ አድርጋ ጥቂት ተቀመጠች። ነጅሙዲንም ሹፌሩም አላጣደፏትም።

ቤት ሲደርሱ ሙሉካ ወደ ራሷ ቤት ሮጠችና በስኒ ማር ይዛ ተመለሰች። ጸሐይ እንጨቱን ከድንቹ ነቅላ ጫፉን እንደ አዲስ ቆረጠችው፤ ማሩን አስነካችውና እዚያው ቀዳዳ መልሳ ሰካችው። አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አፈር ሞልታ ቀበረችው። አትጠገብ የመብራቱን መስታወት በሁለት እጇ አቅፋ አመጣችና ከላዩ ደፋችው። ሙሉካ አጎንብሳ፣ እጇን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ ላቡ እስኪወጣ ጠበቀች።

«አሁን ይበቅላል?»

«እንጃ» አለች ጸሐይ። «ዶሮ ይጭረዋል እያልኩ ነው።»

የለቅሶው መጨረሻ ቀን ነበር። ሲመሽ የእድሩ ሰዎች ዳሱን አፈረሱ፣ ሰሌኖቹ ተጠቀለሉ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያለ ሰው ሁሉ ወጣ። ለእንግዳ ሲባል ቀንም ሌትም ክፍት የቆየው በር ፊት ለፊት ሙሉካ ብቻ ቀረች።

«አብሬሽ ልደር?»

«ልጆችሽ ይጠብቁሻል። ሂጂ።» ጸሐይ ጋቢውን አጥፋ ትከሻዋ ላይ መለሰችላት። «ነገ ግን ነይ። በማለዳ ነይ።»

አትጠገብ ተኝታለች። ጸሐይ መቀርቀሪያውን ይዛ ቆመች። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከመታጠፊያው የሚሰማ ነገር የለም። ፍየሏ ገመዷን ብትበጥስስ? ውሻ ቢገለብጠውስ? መስታወቱን ሰው ቢያነሣውስ?

መቀርቀሪያውን ለቀቀችና ወጣች። ቆርቆሮውን ከነመስታወቱ በሁለት እጇ አቅፋ ገባች። ከበሩ ጀርባ፣ ወንድይፍራው ጫማውን የሚያወልቅበት ቦታ፣ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። መስታወቱ ላይ የተረፈውን አፈር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ከዚያ በሩን ዘጋችና መቀርቀሪያውን ሳበች።