የባለካፖርቱ ተዝካር

የአምባዬ ልብ እንደ ሰነፍ በሬ ነበር። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። እሱ ሲቆም አምባዬ ይወድቃል። መጀመሪያ የወደቀው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ሚስቱ ብዙዬ፣ "በጧት ጠላ የት አገኘህ?" አለችው። ቀጥሎ ሰኞ ገበያ፣ ከሱቁ ውስጥ የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ ወደቀ። ከባሕር ማዶ የመጣ አሮጌ ልብስ ላይ ስላረፈ አልተጎዳም። ሦስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ቆሞ ሲያስቀድስ ነበር። ያን ቀን ጠላ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ሐኪሞች መረመሩት። ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው "ምታ" የሚል ትእዛዝ ይወርዳል፣ የእርስዎ ግን መንገድ ላይ እየቀረ ነው አሉት። ኪኒን አይመልሰውም። የሚመልሰው የክብሪት ሣጥን የሚያህል ባትሪ ነው። ከአንገት አጥንት በታች ከቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ሽቦው በደም ሥር ገብቶ ልብ ድረስ ይወርዳል። አምባዬ "ይቀበራል" መባሉን አልወደደውም።

ባትሪው በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ዘመኑ አገሩ ሁሉ የሚቆፈርበት፣ ኮምቦልቻ ላይ ለባቡር ተራራ የሚበሳበት ዘመን ነው። የልብ መንገድ የሚጠግን ግን ጥቂት ነበር። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ጥናት ጀምሯል ተባለና ወደዚያ ላኩት።

ጥናቱን ያስረዳችው ዶክተር ሰላም የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

"በውጭ አገር ይህን ባትሪ ደረታቸው ውስጥ እንደያዙ የሚሞቱ ሰዎች አሉ። ቤተሰብ ሲፈቅድ ከመቀበራቸው በፊት ይወጣል። ገና ብዙ ዓመት የሚሠራበት ጉልበት አለው። ይታጠባል፣ ይፈተሻል፣ ከጀርም ይጸዳል። እኛ የምናጠናው ከአዲሱ እኩል ይሠራ እንደሆነ ነው። ለግማሹ ሰው አዲስ፣ ለግማሹ ከሙት የመጣውን እንሰጣለን። በዕጣ ነው። የትኛው እንደደረስዎ ጥናቱ እስኪያልቅ አይነገርዎትም።"

"ለምን አይነገረኝም?"

"ካወቁት ሐሳብዎ ይገባበታል። ሳያምዎት አመመኝ ይላሉ።"

አምባዬ አሰበ። መውደቅ ሰልችቶታል። ፈረመ።

ከበረንዳው አግዳሚ ወንበር ላይ ሌላ ተረኛ ነበረች። ሳሚያ ትባላለች። ኮምቦልቻ ከክር ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ማሽኗ አጠገብ ወድቃ ነው የመጣችው። ወሎዬነቱን ከአነጋገሩ ለይታ ተጠጋችው።

"ሥራዎ ምንድነው ጋሼ?"

"ሰልባጅ እሸጣለሁ።"

ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። "ወላሂ እንግዲያ ዕጣው ወጥቷል! ሰልባጁ ለእርስዎ፣ አዲሱ ለኔ!"

"አፍሽን!" አላት። ግን ሳቀ። መውደቅ ከጀመረ ወዲህ የሳቀው ያን ጊዜ ነው።

ባትሪው ገባ። ልቡ እንደ ተገራ በሬ ይራመድ ጀመር። አምባዬ ደሴ ተመልሶ ሱቁን ከፈተ። ከምሳ በኋላ ቦንዳው ላይ ጋደም ማለት የቆየ ልማዱ ነው፤ ልማዱንም ቀጠለ። አንድ የማያውቀው ሰው የመጣበት በዚያ እንቅልፍ ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ጉም ለብሷል። መኪና የለም፣ ድምፅ የለም። ጉሙ እንደተባዘተ ጥጥ ከገደሉ እየተነሣ መንገዱን ይሻገራል። መታጠፊያው ላይ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። በሸሚዝ ነው። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከትቷል። ፊቱ ይታያል፣ ግን ከሚፈስ ውሃ ሥር እንደሚታይ ድንጋይ አንድ ቦታ አይረጋም። አይለምንም። አይናገርም። ይበርደዋል። አምባዬ "የማን ነህ?" ሊል አፉን ሲከፍት ከአፉ የሚወጣው ጉም ነው።

ነቃ። እጁ ደረቱ ላይ፣ ባትሪው ያለበት ላይ አርፏል።

በማግስቱም መጣ። በሌላም ቀን። አንዳንዴ መንገዱ ቦርከና ይሆናል፤ ወንዙ ዳገቱን ወደ ደሴ ይፈሳል፣ ሰውዬው እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴም ሱቁ ራሱ ነው። የተሰቀሉት ልብሶች ሁሉ ይተነፍሳሉ፣ ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ሰውዬው በመካከላቸው ያልፋል፤ አንዱንም አይነካም።

ሙት ታርዞ በሕልም ከመጣ ተዝካሩ አልወጣለትም ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የለም። አምባዬ ለብዙዬ ነገራት። ብዙዬ ከሰልባጅ ልብስ የሚወዳድቀውን ቁልፍ ሁሉ እየለቀመች በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ታጠራቅማለች። ሲነግራት ቁልፎቿን በየመልካቸው እየለየች ነበር።

"ዕድሜ ልክህን የሙት ካፖርት ስትሸጥ፣ የየትኛቸውን ተዝካር አወጣህ?" አለችው።

"ካፖርት ከላይ ነው። ይኼ ውስጤ ነው።"

"የደረሰህ አዲሱ ቢሆንስ?"

"አዲስ ከሆነ ይኼ ሰውዬ ማነው?"

ብዙዬ ቁልፎቿን መለየት ቀጠለች።

ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ በላቸው ሄደ።

"አባ፣ ተዝካር ላወጣ ነው።"

"የማንን?"

"አላውቀውም።"

"የክርስትና ስሙስ?"

"አላውቅም።"

"መቼ ሞተ?"

"እሱንም አላውቅ። ባሕር ማዶ ነው።"

ቄስ በላቸው ጭራቸውን አወናጨፉ። "ስም ሳልጠራ ማንን ላሳስብ አምባዬ? ተጠምቆ ይሁን ሳይጠመቅ በምን አውቄ? ጠላውን ጠምቀህ ብትጠራን መጥተን እንጠጣለን፤ ተዝካር ግን አንለውም።" ፊቱ ሲጠቁር አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ይልቅ ያኖረህን አመስግን።"

አመሰገነ። ሰውዬው ግን መምጣቱን አልተወም። አምባዬን ያስፈራው ሕልሙ አልነበረም። እሱም አንድ ቀን ይሞታል። ያን ጊዜ ከወዲያ ሲገናኙ፣ "በኔ ንብረት ስትራመድ ኖረህ አንዲት እንጀራ አልቆረስክልኝም" ቢለው ምን ይመልሳል? ይህ ሐሳብ እህል ከለከለው። ከሳ። ብዙዬ ልብሱን እየሰፋች ታጠብብለት ጀመር።

ዶክተር ሰላም በየጊዜው ደሴ እየመጣች ባትሪዎቹን ትመረምር ነበር። መዳፍ የሚያህል ነገር ደረቱ ላይ ታኖርና ማሽኗ የልቡን ነገር ይነግራታል።

"ዶክተር፣ ስሙን ንገሪኝ" አላት።

"የማንን ስም?"

"የሰውዬውን።"

ነገሩን ሁሉ ሰማችው። አልሳቀችም። "ስም እኛ ጋ አይደርስም። እዚያው ይፋቃል። የእርስዎ አዲስ ይሁን አይሁን ደግሞ ዛሬ ልነግርዎት አልችልም።"

"እንግዲያው አውጪልኝ።"

"ምኑን?"

"ይኼን። የማላውቀው ሰው ዕዳ ውስጤ ተቀምጦ ከምኖር፣ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ብኖር ይሻለኛል።"

ዶክተር ሰላም ወንበሯን ሳበች። "ጋሼ አምባዬ፣ ልብዎ አሁን በራሱ አይመታም። ባወጣው ይወድቃሉ፤ መነሣት ግን የለም። ሐረጎን እንኳ ሳይወርዱ ይሞታሉ።" ማሽኗን ዘጋች። "አካሉ የእርስዎ ነው፣ በግድ ላኖርብዎት አልችልም። ስመለስ ቁርጡን ይንገሩኝ።"

ሳሚያ ደጅ ተራዋን ትጠብቃለች። የሕልሙን ነገር ካጫወታት ቆይቷል፤ ሲወጣ ቦታ ለቀቀችለት።

"ዛሬም በዚያ ሰልባጅዎ ይጨነቃሉ?"

"ባንቺ አይመጣብሽም?"

"የኔ አዲስ ነው። እኔ ጋ ሞተር እንጂ ሰው የለም።" ደረቷን መታ መታ አደረገች። ከዚያ መክሳቱን አየችና ቀልዷን ተወች። "አብሽሩ ጋሼ። ለመሆኑ ምን ይላል?"

"አይናገርም። ይበርደዋል።"

"ታዲያ የበረደው ሰው የሚፈልገው ቄስ ነው ካፖርት?"

አምባዬ ቀና ብሎ አያት።

"ምን ያዩኛል? ሱቅዎ ካፖርት የሞላ አይደል እንዴ!"

በዚያው ሱቁ ገባ። ካፖርቶቹን አወረደ። ከሁሉ ወፍራሙን፣ ቡናማውን፣ ለጥሩ ገዥ ብሎ ደብቆት የኖረውን መረጠ። ከላይ ሁለተኛዋ ቁልፍ የለችውም። ብዙዬ ቆርቆሮዋን ብትገለብጥ የሚመስላት ጠፋ። "ይቅር፣ ብዙ አዘግይቼዋለሁ" አላት። እሷም ድፎ ጋገረች፣ ጠላ ጠመቀች። ተዝካር ነው አላለችም፣ አይደለምም አላለችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ለነዳያኑ ካፖርቶቹን አደለ። ቡናማውን ለአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አለበሰ። ሽማግሌው ጨርቁን ዳሰሱት፣ የጎደለችዋ ቁልፍ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ፣ ፈገግ አሉ። ከዚያ ዳቦ ተቆረሰ።

"ነፍስ ይማር!" አሉ ሽማግሌው። "ማን እንበል የኔ ጌታ?"

አምባዬ ተጨነቀ። ሁሉም ጆሮ ሰጥተው ይጠብቁታል።

"ባለካፖርቱ በሉ።"

"የባለካፖርቱን ነፍስ ይማር!" አሉ ባንድ አፍ።

ቄስ በላቸው ከበሩ ሥር ቆመው ያያሉ። አልቀረቡም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ግን አምባዬ አይቷል። ምን እንዳሉ አልጠየቃቸውም።

ያን ቀን ከሰዓት ጋደም እንዳለ ሐረጎ መጣ። ጉሙ ተገልጧል። ታች ኮምቦልቻ ከነቆርቆሮ ጣሪያው ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ነገር ያበራል። ሰውዬው ካፖርቱን ለብሶ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። በየመታጠፊያው ያንሳል፣ ይሰወራል፣ ከታች ደግሞ ብቅ ይላል። አምባዬ ጠራው። በዚህ ጊዜ ከአፉ ድምፅ ወጣ። "ደህና ግባ!" አለ። ሰውዬው ሳይዞር እጁን አነሣ።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ዶክተር ሰላም ስትመለስ አምባዬን ወፍሮ አገኘችው። "ይቆይ" አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥናቱ አለቀ። ዶክተር ሰላም አምባዬንና ሳሚያን ባንድነት አስገባቻቸው።

"ከሙት የመጣው ከአዲሱ አላነሰም" አለች፤ ደስ ብሏታል። "አሁን ልነግራችሁ እችላለሁ። ጋሼ አምባዬ፣ የእርስዎ አዲስ ነበር። ሳሚያ፣ ከሰው የመጣው ያንቺ ነው።"

ሳሚያ እጇን ደረቷ ላይ አኖረች፤ ባዶ ነው ያለችው ክፍል ውስጥ ሰው ተኝቶ እንዳገኘች የቤት ባለቤት፣ ቀስ ብላ። ወጥተው አግዳሚው ላይ እስኪቀመጡ እጇን አላነሣችም።

"ያ ሰውዬ የኔ ነበር?" አለች።

"ለነገሩ የወረደው ወደ ኮምቦልቻ ነው።"

"ታዲያ ምነው መጀመሪያ እኔ ጋ ሳይመጣ ቀረ?"

"ካፖርቱ ያለው እኔ ጋ ነዋ።"

ሳቀች። ሳቋ መሐል ዕንባዋ መጣ። "የኔን እንግዳ አብልተው አልብሰው ሸኙልኝ! እኔ እቴ ሞተር ነው እላለሁ። አላህ ይስጥዎ ጋሼ።"

አምባዬ ቤቱ ገባ። ዕዳ እንዳልነበረበት አወቀ፤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አላለውም። ቦንዳው ላይ ሲጋደም የሚመጣው ሐረጎ ባዶ መንገድ ነው። ጉም የለም፣ ሰው የለም። ደረቱ ውስጥ ያለው ነገር ማንም ያልኖረበት አዲስ ቤት ሆነበት። ለብዙዬ አዲሱ እንደደረሰው ነገራት፤ ይህን ግን አልነገራትም፤ የሚነገር ነገር አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ጧት ቁርስ ላይ ሳሉ ስልኩ ጮኸ። ሳሚያ ናት።

"ጋሼ፣ መጣ!"

አምባዬ ቁራሹን አስቀመጠ። "ለብሷል?"

"ለብሷል። ቡናማ ነው። የፋብሪካው በር ላይ ቆሞ አየሁት፤ በሩ ደግሞ የባሕር በር ሆኗል፣ ከበስተኋላው ውሃ ብቻ ነው። አልፈራሁትም ወላሂ። ቆፈን ግን ይዞታል። ከላይ ሁለተኛዋ ቁልፍ የለችውም፣ በዚያ ብርድ ይገባዋል።"

ስለ ቁልፏ ነግሯት አያውቅም። የካፖርቱን መልክም አልነገራትም። ስልኩን ዘጋ።

"ብዙዬ፣ ቆርቆሮሽን አምጪው።"

ደጃፉ ላይ፣ ፀሐዩ ካለበት፣ ቁልፎቹን ሰፌድ ላይ አፈሰሰች። ጎንበስ ብለው ፈለጉ። ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ፣ የወታደር ነሐስ አለ።

"ያን ጊዜም የለም ብዬህ ነበር" አለች።

አምባዬ ተነሥቶ የራሱን ካፖርት ከግድግዳው አወረደ። ቡናማ ነው። መቀሱን አነሣና ከላይ ሁለተኛዋን ቁልፍ ቆረጣት። ነገ እሑድ ነው፤ ካፖርቱን የለበሱት ሽማግሌ ከደጀ ሰላሙ አይጠፉም። መርፌና ክር ከቁልፏ ጋር በመሐረብ ቋጠረ።

"አንተንስ ብርድ አይገባህም?" አለችው ብዙዬ።

"እኔ አዲስ ነኝ" አላት።