ለመቀመጥ መቆም

ዘሪቱ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቆየት አይሆንላትም። አሜሪካ ሲያትል ከተማ፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ አስታማሚ ሆና ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዋናዋ ነርስ ሚስስ ኦልሰን በበሩ ብቅ ባለች ቁጥር ግን ዛሬም «ኖር!» ብላ ብድግ ትላለች። በልጅነቷ ለጃንሆይ መኪና መንገድ ዳር ቆማለች፤ በኋላም ለደርግ ሰልፍ አደባባይ ላይ ቆማለች። ጉልበቷ ለምዶታል።

የምታስታምማቸው ህንዳዊው አዛውንት ሃርናም ሲንግ ግን ለማንም የማይነሡ ሰው ናቸው። ባባ ትላቸዋለች። በወጣትነታቸው፣ በኋላ ተመልሰው ባረጁባት በዚህችው ሲያትል አጠገብ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሲሠሩ፣ እንግሊዝን ከህንድ እናባርራለን ብለው ከጓደኞቻቸው ጋር መርከብ ተሳፈሩ። አገራቸው ሲደርሱ ተያዙና ባሕር መሀል ባለች ደሴት ታሰሩ። እዚያ እንግሊዛዊው አዛዥ ሲገባ እስረኛው ሁሉ ብድግ ይላል። እሳቸው ወይ ፍንክች! ለዚህም እጃቸው በካቴና ከግድግዳ ጋር ታስሮ ሰባት ቀን ሙሉ በቁማቸው ዋሉ፣ አደሩ። በስምንተኛው ቀን ካቴናው ተፈታላቸው፤ አዛዡ ሲገባ አሁንም ተቀምጠው ጠበቁት።

በፈረንጆቹ 1983 የጸደይ ወራት፣ እዚያው መጦሪያ የሚኖሩ አንዲት እንግሊዛዊት መቶ ዓመት ሞላቸው። የእንግሊዝ ቆንስል የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ እንደሚመጣ፣ የአገሩ መዝሙርም እንደሚከፈት ተነገረ። በዚያ ቀን ጠዋት ባባ ዘሪቱን ጠሯት።

«ቆንስሉን ቆሜ ልጠብቀው እፈልጋለሁ።»

«ባባ፣ እርስዎ? ለእንግሊዝ?»

«መዝሙሩ ሲጀመር እንድቀመጥ ነዋ! እዚህ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኜማ፣ አልነሣም ማለቴን ማን ያውቅልኛል?»

ዘሪቱ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ጠፋ። ባባ ከሁለት ሳምንት በፊት ወድቀዋል፤ ሚስስ ኦልሰንም ሁለተኛ ብታስነሺያቸው ሥራሽን እርሺው ብላታለች። ሥራው ከሄደ ደግሞ እናቷን ከሱዳን ለማስመጣት የጀመረችው ጉዳይ ውኃ በላው ማለት ነው።

«አይሆንም ባባ። ያባርሩኛል።»

አልለመኗትም። የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ብቻቸውን ለመነሣት ይታገሉ ጀመር።

«አቤት ግትርነት!» አለችና በብስጭት ብብታቸው ሥር ገብታ አነሣቻቸው።

ቆንስሉ ወደ አዳራሹ ሲገባ ሁለቱም ቆመው ነበር። ሚስስ ኦልሰን ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ እንግዳ ፊት ግን ምን ትበል? ቆንስሉ ደብዳቤውን አነበበ። ከዚያ ንግግር ጀመረ። ሰውዬው ደግሞ ንግግር ሲወድ! የባባ እግር ይንቀጠቀጣል፣ የዘሪቱ ክንድ ደንዝዟል።

«ይቀመጡ ባባ፣» አለች በሹክሹክታ።

«ገና ነው።»

በመጨረሻ የመዝሙሩ ካሴት ተከፈተ። መነሣት የሚችል ሁሉ ተነሣ። ባባ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ሳይቸኩሉ ተቀመጡ።

ቆንስሉ አያቸውና በርኅራኄ ፈገግ አለ። «አይዟችሁ፣ አዛውንቱ ደክሟቸው ነው። ይረፉ።»

ባባ መልስ ሊሰጡት አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ድምፅ አልወጣም። ዓይናቸው እንባ ሞላ። የዘሪቱ ደም ፈላ። የሰባት ቀን ካቴና ያልወሰደባቸውን ይህ ሰው በአንድ ደግ ቃል ሊወስድባቸው ነው! አጠገቧ ያለውን ወንበር ስባ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ጉልበቷ ተነሺ ተነሺ ይላታል፤ በሁለት እጇ ይዛ ተጫነችው።

ሚስስ ኦልሰን እየተጣደፈች መጣች። «ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«አላመመኝም፣» አለች ዘሪቱ፣ ከመዝሙሩ በላይ ጮክ ብላ። «አልደከመኝምም። እሳቸውም አልደከማቸውም። አንነሣም ብለን ነው!»

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። የቆንስሉ ፈገግታ ከፊቱ ጠፋ። መዝሙሩ እስኪያልቅ ሁለቱም እንደተቀመጡ ቆዩ።

ሚስስ ኦልሰን ቢሮ ውስጥ የተባለው አጭር ነበር። ዘሪቱ ካፖርቷን ደርባ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ባባን ልትሰናበት ወደ አዳራሹ ተመለሰች። እንግዶቹ ሄደዋል። ባባ መስኮቱ ሥር ብቻቸውን ናቸው።

ስትገባ አይዋት። የወንበሩን ክንድ ጨበጡ። ማንም ሳይደግፋቸው፣ ቀስ ብለው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኖር!» አሉ፣ ከእሷ አፍ በሰሙት አማርኛ።

ዘሪቱ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። «በእግዜር፣ ባባ፣ በእግዜር! ይቀመጡ፣ ይወድቃሉ!»