የአላስካው ተራራና የእኔ ጀንፈል

ዶክተር ኢዮሲያስ የሰደበኝ ባለፈው ኅዳር ነው። አፋር ላይ ያ ተራራ በፈነዳ ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሚዛን ተፈሪ ከተማ አዳራሽ ውስጥ፣ ማይክሮፎን ይዞ። እኔ በቀኝ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ሚስቴ ሰርካዲስ አጠገቤ ነበረች፣ ልጄ ራሔል ከፊታችን። አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩም ነበሩ። ሰው ሁሉ ቀልድ ነው ይላል። የተሰደብኩት እኔ ስለሆንኩ ስድብ መሆኑን የማውቀውም እኔ ነኝ።

ኢዮሲያስ ማለት ከእኔ ጋር እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። አጥራችን አንድ ነበር። እኔ አባቴ ሲሞት ትምህርቱን ትቼ ቡና ውስጥ ገባሁ። እሱ እየተማረ ሄደ፣ ሄደ፣ ዶክተር ሆኖ ተመለሰና እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። በመማሩ አልቀናሁበትም። በሌላ በሌላው ግን እግዜር ራሱ ያደላለት ይመስለኛል። ዝናብ ሲመጣ እሱ ቤቱ ገብቷል። የሚዛን ጭቃ የሁላችንን ጫማ ሲበላ የእሱን ይፈራል። እኔ ግማሽ ቀን ቆሜ የማላገኘው ባጃጅ እሱ ገና እጁን ሳያነሳ ይቆምለታል። ገበያ መሃል ሲያልፍ አሮጊቶቹ ብድግ ይሉለታል። እሱም "ኧረ በማርያም፣ ተቀመጡ" ይላል፣ መነሳታቸውን አይቶ ሲያበቃ።

ያን ቀን የተጠራነው ስለ አፋሩ ተራራ ያስረዳችኋል ተብለን ነው። ያን ሰሞን ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። አመዱ የመንን አልፎ ሕንድ ደረሰ ሲባል፣ እኛ ጋስ አይመጣም ወይ የሚለው ብዙ ነው። ኢዮሲያስ ግን አፋርን ባጭሩ ጨርሶ ድሮ ዘመን ውስጥ ገባ። ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ አላስካ በሚባል በዓለም ጫፍ ባለ የበረዶ አገር፣ አንድ ተራራ ፈነዳ አለ። ጭሱ ሰማይ ላይ ወጥቶ ተንጣለለና ፀሐይን አደከማት። ፀሐይ ስትደክም የእኛ አገር ክረምት ደከመ። ክረምቱ ሲደክም ዓባይ ግብፅ ደርሶ መስኩን ሳያጠጣ ቀረ። የንግሥት ክሊዮፓትራ ሰዎች ተራቡ፣ በሽታ ገባ፣ ጎተራው ተራቆተ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሮም መጣና ያን ትልቅ መንግሥት ጠቀለለው።

"ከማሻና ከጌጫ ደን የሚወርደው ውሃ እንኳ በባሮ ዞሮ እዚያው ወንዝ ይገባል" አለ። "የዚህ አገር ዝናብ ሲቀር እዚያ ዘውድ ይነቃነቃል። የሚገርመው ደግሞ፣ ሰዎቹ ምን እንደመታቸው ሳያውቁ ነው የሞቱት። አላስካ የሚባል አገር መኖሩንም አልሰሙም።"

ይህን ስሰማ፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ጥቅምት ጀንፈሌ ተበላሽቶብኛል። ቀዩን ቡና ከነገለፈቱ ማድረቂያ አልጋው ላይ አስጥቼው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ የዋለ ቀን፣ ማንም ባላሰበው ሰዓት ዝናብ ወረደበት። በሳምንቱ ሻገተ። የዓመት ልፋቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥፋተኛውን ስፈልግ ነው የኖርኩት። ጎረቤቴን ጠረጠርኩ፣ ሰርካዲስን ጠረጠርኩ፣ ዓይነ ጥላ ነው ብዬ ጠበል ሄድኩ። አሁን ይህ ሰው፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው ተራራ ከዓለም ጫፍ ሆኖ መንግሥት ይጥላል ሲል፣ መንግሥት ከጣለ የኔን አንድ አልጋ ጀንፈል መጣል እንዴት ያቅተዋል አልኩ።

ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። ማይክሮፎኑ ሲመጣልኝ ተነሳሁና፣

"ዶክተር፣ አምና ጥቅምት የኔን ቡና ያበላሸው ዝናብ፣ እኛ ያልሰማነው ተራራ አንዱ ጋ ፈንድቶ ቢሆንስ?" አልኩት።

ፈገግ አለ። "ከፍዬ" አለኝ፣ በማይክሮፎን። እኔ ዶክተር ስለው፣ እሱ ከፈለኝ የሚለውን ስሜን አሳጥሮ ከፍዬ። "ክሊዮፓትራን የጣላት ተራራ ነው። አንተን የጣለህ ሸራ አለማልበስህ ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ራሔል፣ የገዛ ልጄ፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁት። ሰርካዲስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ማይክሮፎኑን የሚቀበለኝ እስኪመጣ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ሰላም አጣሁ። ቡና ነጋዴው አባፎጊ፣ የጅማ ሰው ነው፣ ሱቁ ፊት ለፊት ሳልፍ "እህ፣ ተራራው እንዴት አደረ?" ይለኛል። ባጃጅ ነጂዎቹ ደመና ባዩ ቁጥር "ሸራ! ሸራ!" ይላሉ። ቤት ስገባ ደግሞ ዶክተር እንዲህ አሉ፣ ዶክተር እንዲያ አሉ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ትዳር ሰርካዲስ እኔ የተናገርኩትን አንዲት ነገር ለሰው ስትደግም ሰምቻት አላውቅም። የአላስካን ተራራ ግን ጎመን እየቀነጠሰች ለጎረቤት ትተርካለች። "ፀሐይዋን እኮ አደከማት" ስትል አፏ ውስጥ ከረሜላ ያለ ይመስል ነበር። ጎረቤቷም ትቀበላታለች። "አይ ዶክተር፣ ሚስታቸው ታድላለች።"

ጥር ላይ ለራሔል ሽማግሌ መጣ። ልጁ ይትባረክ ይባላል፣ የቴፒ ልጅ ነው፣ እዚህ ሚዛን ግብርና ይሠራል። ጨዋ ነው፣ በእሱ ክፉ አልናገርም። ዝውውር ደርሶት ከፋሲካ በፊት ማሻ መግባት አለበት። ሁዳዴ ከገባ ሠርግ የለም። ጾሙ ሳይገባ ተጋብተው አብረው ካልሄዱ ነገሩ መቼ እንደሚሆን፣ መሆኑንም የሚያውቅ የለም።

በሩን ስከፍት ሦስት ሰው ቆሟል። መምሬ ገብረወልድ መቋሚያቸውን ይዘው፣ አባፎጊ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ መሃል ላይ ደግሞ ኢዮሲያስ። ይትባረክን ያስተማረው እሱ ነውና ተናጋሪው እሱ ነበር።

ተቀመጡ ብላቸው፣ እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ኢዮሲያስ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "አቶ ከፈለኝ፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን፣ ወላጅ ይሁኑን ብለን ልንለምንዎ መጥተናል" አለ። እርስዎ አለኝ። ያ ማይክሮፎን የጨበጠ እጅ የኔ ሳሎን ውስጥ ታጥፎ ቆመ። ትንሽ ይቁም ብዬ ወንበር ሳስተካክል ቆየሁ። መምሬ እግራቸውን ሲቀያይሩ አየሁና፣

"ከዘመድ ልምከር። የዛሬ ሳምንት እሁድ ተመለሱ" አልኩ። ይህም ደንብ ነው።

እንደዚያ ያለ ሳምንት አሳልፌ አላውቅም። ሰው ሁሉ አፌን ይጠብቃል። አባፎጊ ተራራውን ረስቶ "አባወራው፣ እንዴት ዋልክ?" አለኝ። ሰርካዲስ ወጡን ቀምሼ እስካመሰግን ቆማ ታየኛለች። ሐሙስ ከሰዓት የአጥሩን እንጨት ስቀይር ራሔል መጣችና ሚስማሩን ታቀብለኝ ጀመር።

"አባዬ።"

"አቤት።"

"እሺ ትላለህ አይደል?"

"የተጠየቅኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

"እኔማ እሺ ካልኩ ቆየሁ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። "በጋሽ ኢዮሲያስ ምክንያት እንዳይሆን ፈርቼ ነው።"

"ከተማው ውስጥ ለሽምግልና ሌላ ሰው ጠፋ?"

"የመጣው እኮ ሊለምንህ ነው አባዬ። እሱ አንተ ጋ ነው የመጣው፣ አንተ እሱ ጋ አልሄድክም።"

እሺ እላለሁ አልኳት፣ እውነቴንም ነበር። እንዲያውም መልሱን አሰናድቼው ነበር። "እኔ ከፈለኝ ከአባቴ የወረስኩት መሬት ትንሽ ነው። ያሳደግኳት ልጅ ግን ትልቅ ናት። ሰጥቻችኋለሁ።" ሚስማር ስመታ ብዬዋለሁ፣ ላም ሳጠጣ ብዬዋለሁ። አንዱን ቃል ከአንዱ ጋር እያስማማሁ አሳምሬው ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። አሁንም ቆሙ። ሰርካዲስ ግን ለመምሬ እግር አዝና፣ "ኧረ ይቀመጡ አባቴ፣ ያው ያለቀ ጉዳይ አይደል" አለች። እኔ ሳልናገር አለቀ። ተቀመጡ። እሷም ቁጭ እንዳሉ ወደ ኢዮሲያስ ዞረች።

"ዶክተር፣ እኔ የምለው፣ ያ የአላስካው ተራራ ዛሬም አለ?"

"አለ እንጂ ሰርኪዬ። አልፎ አልፎ ይጨሳል።"

ሰርኪዬ አላት። እኔ እንደዚያ ካልኳት ስንት ዘመኔ ነው። እሷም እንደ ልጅ አንገቷን ደፋች።

"እኔ ይህን ነገር አላምንም" አልኩ። ሁሉም ዞሩ። "መንግሥት የሚጥለው ተራራ አይደለም። አጠገብህ ያለ ሰው ነው።"

አባፎጊ "ባለተራራው ከዳን" ብሎ ሳቀ። ኢዮሲያስ ግን አልሳቀም።

"ትልቅ ነገር ነው የተናገሩት" አለ። "ተራራው ብቻውን አልጣላቸውም። ዓባይ ከዚያ በፊትም ቀርቶ ያውቃል፣ ችለውት አልፈዋል። ያን ጊዜ ግን እህት ከወንድሟ ተጣልታ፣ ሹም ከሹም ተያይዞ፣ ቤቱ ቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር። ረሃቡ የተሰነጠቀ ቤት ላይ ነው የመጣባቸው።"

"ይህስ ስብከት ነው" አሉ መምሬ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። አባፎጊም ነቀነቀ። ሰርካዲስ ዓይኗ ሁሉ እንባ አዘለ። እኔ ያልኩትን ነው እኮ ያለው። የኔን ነገር ከእጄ ወስዶ፣ አጥቦ አልብሶ፣ የራሱ አደረገው። እኔ ስናገረው የተሳቀበትን እሱ ሲናገረው ተለቀሰበት።

"እንግዲህ ወደ ጉዳያችን" አሉ መምሬ። ኢዮሲያስ ተነስቶ ልብሱን አስተካከለ።

"አቶ ከፈለኝ፣ ቃልዎን ለመስማት..."

"ከሱ በፊት" አልኩ፣ "አዳራሹ ውስጥ ስላልከኝ ነገር የምትለኝ ነገር ይኖራል ብዬ ነበር።"

"የቱን?"

ፊቱን አየሁት። እያስመሰለ አልነበረም። እውነቱን ነው፣ ጠፍቶበታል። እኔ ይዤው ተኝቼ ይዤው የምነሳውን፣ እሱ የዚያኑ ዕለት ከአዳራሹ ሳይወጣ ጥሎት ሄዷል።

"ሸራውን ነዋ" አለ አባፎጊ።

"እሱን?" ኢዮሲያስ ሳቀ። ሳቁ ክፋት የለውም፣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። "ወይ ከፍዬ፣ እስካሁን ይዘኸዋል? ቀልዴን ነው እኮ ወንድሜ። አጥፍቻለሁ፣ እግርህ ላይ ልውደቅ።"

ጎንበስ አለ። መምሬ ትከሻውን ያዙት። ሰርካዲስ "በስመ አብ፣ ዶክተር፣ አይሆንም" ብላ ብድግ አለች። አባፎጊ "ይህ ነው ሰው ማለት፣ ይህ ነው መማር" አለ። የተሰደብኩት እኔ፣ ይቅርታ ሲጠየቅ ግን የተመሰገነው እሱ። እኔን ቀና ብሎ ያየኝ የለም።

"እንግዲህ ይቅር ተባባሉ፣ አለቀ" አሉ መምሬ። "ልጅቷን ሰጥተሃል ከፈለኝ?"

ያሰናዳሁት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ብናገረው የሚሆነው ሁሉ ታየኝ። እልል ይባላል፣ ከዚያ ሁሉም እሱን ይስማሉ። ነገ ገበያው ውስጥ ዶክተር ሸምግለው ዶክተር አጋቡ ይባላል። ራሔል ማሻ ላይ ልጆች ወልዳ፣ አባታችሁንና እኔን ያገናኘን ጋሽ ኢዮሲያስ ነው ትላቸዋለች። የኔ መሬት ትንሽ ነው፣ ልጄ ትልቅ ናት የሚለውን ማን ያስታውሰዋል?

ራሔል ጓዳው በር ላይ የመጋረጃውን ጫፍ ይዛ ቆማለች። የምታየው እኔን ነበር። እሱን አላየችውም፣ ይህን ልብ ብያለሁ።

ተነሳሁ። ሊናገር ነው ብለው ሁሉም አብረውኝ ቆሙ። ኮቴን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አነሳሁና በመምሬ ጎን አልፌ በሩን ከፈትኩ።

"አባዬ" አለች ራሔል።

ግቢውን አልፌ መንገዱ ላይ ወጣሁ። ከቤተክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ፣ አንዳንዶቹ እንኳን ደስ አለህ ሊሉኝ እጃቸውን ዘረጉ። ሰርካዲስ በር ላይ ወጥታ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ምን ብለው ይሂዱ?" አለች። ከኋላዋ የእሱ ድምፅ መጣ፣ "ከፍዬ፣ በእኔ ይሁን፣ ልጅቷን አስባት።" ኮቴን ለበስኩና ወደ አጎራባቹ አማን ከተማ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ሄድኩ።