በነጭ ጨርቅ የተቋጠረው ድንጋይ

አማቴ እማማ የትነበርሽ ለጉልበታቸው ሕክምና ከኮላ ድባ መጥተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከፒያሳ ስመለስ በሟቹ ባለቤቴ ቁም ሣጥን አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የውሃ ብርጭቆ ይዘዋል። ከብርጭቆው በፊት ያየሁት ግን እጭናቸው ላይ የተፈታውን ነጭ ጨርቅ ነው።

"የአስናቀው እምነት ነው" አሉኝ። "ከየትኛው ገዳም እንዳመጣው እንጃ፤ አፈሩ ሸጋ ነው።"

ውሃው ደፍርሶ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኗል። ብርጭቆውን ከእጃቸው ወስጄ ቀምሰው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጸሎቴን ሳልጨርስ እንዴት እቀምሳለሁ ብለው ቅር አላቸው።

ባለቤቴ አስናቀው ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምድር ያስተምር ነበር። ድንጋዩ ኤሪትራይት ይባላል፤ ሞሮኮ ያለ የሙያ ጓደኛው የሰጠው ነው። ኮባልትና አርሰኒክ ያለበት ማዕድን ከመሬት ገጽ አጠገብ አየርና ውሃ ሲያገኘው ይህ ሮዝ ነገር እንደ አበባ ይወጣበታል። እንዲህ እንደ መርፌ ሾሎ፣ ጥርት ብሎ የሚገኘው ግን በጥቂት ቦታ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ጥፍር እንኳ ይጭረዋል። በጨርቅ የቋጠረውም ለዚህ ነበር። እማማ እምነት ያሉት ከእሱ የረገፈውን ዱቄት ነው።

አርሰኒክ መርዝ መሆኑን ነገርኳቸው።

"ልጄን የበላው ይኼ ነው?"

"አይደለም እማማ። ልቡ ነው። ሐኪሙ ሲናገር አብረን ነበርን።"

"ምነው ታዲያ ከቤትሽ አኖርሽው?"

"ቋጠሮው የእሱ ነው" አልኩ። "ከሞተ ወዲህ ፈትቼው አላውቅም።"

የተፈታውን ጨርቅ አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

እጃቸውን በሳሙና ደጋግሜ አስታጠብኳቸው። ሲጨርሱ ጨርቁን እንዳቀርብላቸው ጠየቁኝ። እንዳይነኩት ብለምናቸውም እምቢ አሉ። በሁለቱም እጃቸው ፌስታል አጠለቅኩላቸው። በዚህ እድሜዬ ሐኪም አደረግሽኝ ብለው ቀለዱብኝ።

ድንጋዩን መሐል አድርገው ጫፎቹን ሰበሰቡ። አንዱን ጫፍ በሌሎቹ ላይ ጠመጠሙት፣ በሥሩ አሾልከው ሳቡት። ያው የአስናቀው ቋጠሮ ነበር፣ ወደ ግራ ዘመም ያለ።

"ተማሪ ሳለ ቆሎውን እንዲህ ነበር የምቋጥርለት" አሉ። "ከእኔ ነው የለመደው።"

ቋጠሮውን በማር ጠርሙስ ከትቼ ክዳኑን አጠበቅኩና ላዩ ላይ "መርዝ" ብዬ ጻፍኩ።

"እኔ ፊደል አልቆጠርሁ" አሉ እማማ። "ቀይ ክር እሰሪበት። ቋጠሮው ቢላላ ደግሞ ጥሪኝ፤ አንቺ አትንኪው።"