ለሚካኤል የተሰጠው ክብ ቆርቆሮ

ስሙኝማ፣ እናንት የምታነቡ። የምትወዱት ሰው አንድ ፎቶ ብቻ ኖሯችሁ፣ እሱም ውኃ ገብቶበት ፊቱ ቢጠፋባችሁ ምን ትሆኑ ነበር? የቁሐሯን ፀገነትን ያገኛት ይኸው ነው። እግዜር መመለስ ሲፈልግ ግን በምን በኩል እንደሚመልስ ላጫውታችሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ በሰባ ስምንት፣ ኅዳር ሊያልቅ ሲል። በፊቱ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውጦት ነበር። ፀገነት ቤትም ውኃው ገብቶ እስከ መደቡ ደረሰ። እህሉን ቆጥ ላይ ሰቀሉ፣ ጥጃዋን አተረፉ፣ የሰርጉን ፎቶ ግን ማንም አላሰበው። ውኃው ጎድሎ ሳጥኑን ስትከፍት የእሷ ፊት እንዳለ አለ፤ የባሏ የአንዳርጌ ፊት ግን እንደ ሳሙና ሟሙቷል። የቀረው ክራቫቱ ብቻ ነው።

አንዳርጌ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ የቀረ ሰው ነው። ሲሄድ ልጃቸው ደብሬ ገና በሆድ ነበረች። አሁን ስምንት ዓመት ሆናታል፤ ነገር ስትጠይቅ አንገቷን ወደ ግራ ዘመም ማድረግ ትወዳለች።

«እማዬ፣ አባቴ ምን ይመስል ነበር?»

«አንቺን።»

«እኔ ምን እመስላለሁ?»

«ሂጂ ውኃ ቅጂ!» ትላታለች ፀገነት፣ እንባዋን እንዳታይባት። ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበረ፤ እሷ ራሷ ፊቱን መርሳት ጀምራለች። ዓይኗን ጨፍና ስታስበው የሚመጣላት ክራቫቱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዎች ከወረታ መጡ። አንዱ የትምህርት ቤቱን የሲኒማ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው መምህር ደሴ ነው። ሌላው ልብስ ሰፊው ተገኘ፣ ዘመኑ ያለፈበትን ታቹ እንደ ድንኳን የሰፋ ሱሪ እስካሁን የሚለብሰው። ሁለቱ በአንድ ነገር አብደዋል፤ በ«ርብ ኮከቦች»። ርብ ኮከቦች ማለት ከለውጡ በፊት ከወረታና ከሐሙሲት ተሰባስበው፣ የኤሌክትሪክ ጊታራቸውን በወፍጮ ቤት ሞተር እያስጮኹ አገሩን ያናወጡት ጎፈሬያም ጎረምሶች ናቸው። ጊታር መቺው አንዳርጌ ነበር። በኋላ አንዱ ዘመተ፣ አንዱ ተሰደደ፣ ቡድኑ ተበተነ።

«እትዬ ፀገነት፣ ሾፌሩን አገኘነው!» አለ ተገኘ ገና ከበሩ።

«መጀመሪያ እንዴት አደራችሁ አይባልም ወይ?» አሉ አማከለች፣ የአንዳርጌ እናት፣ ከመደቡ ላይ።

«እንዴት አደሩ እማማ፣ ሾፌሩን አገኘነው!»

ሾፌሩ ያኔ ኮከቦቹ ገበያ መሀል ቆመው የዘፈኑበትን የጭነት መኪና የሚነዳው ነው። የዚያን ዕለት አንድ የሲኒማ ሰው ዘፈኑን ከነሕዝቡ አንስቶት ነበር። አዲስ አበባ ወስዶ አሳጥቦ በክብ ቆርቆሮ ላከው። ሾፌሩ ራሱ ነው ተቀብሎ ለአንዳርጌ በእጁ የሰጠው።

ፀገነት የያዘችው ወንፊት ከእጇ ወደቀ። «ፊልም? ሰው እሚንቀሳቀስበት? አንዳርጌም አለበት?»

«አለበት ወይ ትያለሽ እንዴ፣ ከፊት ነዋ!» አለ ደሴ። «ሥራችንን ትተን ስንፈልገው ዓመት አለፈን። ሐሙሲት ፈለግን፣ ጎንደር ፈለግን፤ ለካ እዚህ ነው!»

ያኔ ትዝ አላት። «ማሽን ስናገኝ ታያለሽ» ብሏት ነበር አንዳርጌ፣ ቆርቆሮውን ከሳጥኑ ውስጥ ከልብሱ ሥር ሲያስቀምጠው። እሷ የወፍጮ ዕቃ መስሏት ከፍታም አታውቅ። እየሮጠች ሳጥኑን ገለበጠችው። ልብስ አለ፣ ጋቢ አለ፤ ቆርቆሮ የለም።

ዘወር ስትል አማከለች ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበዋል።

«እማማ፣ ምነው?»

«እኔማ ለሚካኤል ሰጥቼዋለሁ።»

«ለማን?!»

«ውኃው መደቡ ላይ ሲወጣ ተሳልኩዋ! ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ቤቴን አትርፍልኝ፣ ከቤቴ እሚያብረቀርቀውን ላንተ አልኩት። ከዚህ ቤት ሌላ ምን እሚያብረቀርቅ አለ?»

ተገኘ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ርብ ኮከቦችን ለታቦት!»

«ታዲያ ለማን ልስጥ፣ ለሊቀ መንበሩ?»

መምህሩ ወደ በሩ አይቶ «ቀስ ይበሉ እማማ» አለ፣ ሳቁን እየዋጠ። ፀገነት ግን መቀነቷን አጥብቃ ወጥታለች። ደብሬ ከኋላዋ፣ ሁለቱ ወንዶች ከደብሬ ኋላ፣ አማከለች በምርኩዛቸው ከሁሉም ኋላ፣ ሰልፍ ሆነው ቁሐር ሚካኤል ደረሱ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ከደጀ ሰላሙ ተቀምጠው ነበር። ፀገነት መስቀል ተሳለመች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ጠየቀቻቸው።

«ቆርቆሮው እኮ የለም ልጄ» አሉ ቄሱ። «ስለት በበዓሉ ቀን በጨረታ ይሸጥ የለ? በኅዳር ሚካኤል ጃንጥላውም፣ በጉም፣ ቆርቆሮውም ወጣ። ገበሬው አበረ አሸነፈ። ለዘር ማስቀመጫ ነው ያለው።»

«ከውስጡ የነበረውስ አባታችን?» አለ ደሴ።

«ጥቁር ጥብጣብ ነበረ። ይኸ ደግሞ ለወፍ ይሆነኛል ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«ለወፍ?»

ሁሉም ዞረው ወደ ሜዳው አዩ። ቢጫ ሩዝ እስከ ጣና ድረስ ተነጥፏል። ከመሀሉ ከአንድ ማሳ ላይ አንድ ነገር በፀሐይ ብልጭ፣ ብልጭ ይላል።

«ወየው!» አለ ተገኘ፣ ጫማውንም አወለቀ።

እንዴት እንደሮጡ አትጠይቁኝ። ጭቃው እስከ ጉልበት ያሰምጣል፤ ፀገነት ቀሚሷን ሰብስባ ወንዶቹን ቀደመቻቸው። አበረ ከማማው ላይ ወንጭፉን ይዞ ቆሟል። ከማሳው ዙሪያ እንጨት ተክሎ፣ ፊልሙን ከእንጨት እንጨት ወጥሮታል። ነፋስ ሲመታው ያፏጫል።

«ማሳዬን አትርገጡ! ምን ሆናችኋል?»

«አበረ፣ ያ የሰቀልከው ባሌ ነው!» አለች ፀገነት።

«ምን?»

«አንዳርጌ ነው! አውርድልኝ!»

አበረ ወደ ደሴ ዞረ። «አንተ የተማርከው፣ ይቺ ሴት ምን ነክቷት ነው?» ነገሩን ሲያስረዱት አፉን ከፍቶ ሰማ። አዘነ፤ ደግ ሰው ነው። ግን ራሱን ነቀነቀ። «አጫጅ እሚገባው ሰኞ ነው። አሁን ባነሳው ግሪሳው በአንድ ቀን ባዶ ገለባ ያስታቅፈኛል። ልጆቼን ምን ላብላ?»

እውነቱን ነው። ሩዝ ለሱ የዓመት ጉሮሮው ነው። ፀገነት ፊልሙን አየች፣ ሰማይ ላይ የሚዞረውን ወፍ አየች። «እኛ እንጠብቅልሃለን» አለች። «እስከ ሰኞ። እነዚህም ይጠብቃሉ።»

«እኛ?» አለ ተገኘ።

«ዓመት ሙሉ ስንፈልግ ነበር ስትሉ አልነበር? ግባ!»

ደሴ ከአንዱ ጥግ ቆሞ «ሁሽ! ሁሽ!» አለ። ወፎቹ እንደ ተማሪ እንኳ አልፈሩትም፤ አጠገቡ መጥተው አረፉ። አበረ ሳቁ አፈነው። ያኔ ተገኘ ያንን ክብ ቆርቆሮ ከማማው ሥር አገኘና ዘሩን ዘርግፎ፣ እንደ ከበሮ እየመታ በኮከቦቹ ዜማ ለቀቀው፤

ታንኳዬ ቀስ በይ፣ ማዕበሉን እለፊ፣
ከማዶ ያለችው ሳታይሽ አትረፊ።

ግሪሳው እንደ ጥቁር ደመና ብድግ አለ! ደሴ ተቀበለ፣ ከጎረቤት ማሳ ያሉ ወፍ ጠባቂዎችም ያውቁት ኖሮ ከየማማቸው ተቀበሉ፤ ሜዳው በሙሉ ዘፈነ። አበረም ዘፈኑ ወፉን ሲያባርር አይቶ ከማማው ወርዶ ፊልሙን ከእንጨቱ እየፈታ ለፀገነት ያቀብላት ጀመር፤ እሷም በክንዷ ትጠመጥማለች።

ደሴ መጥቶ የፊልሙን ጠርዝ አገላብጦ አየው። ፊቱ ጨለመ። «ድምፅ የለውም» አለ። «የድምፁ መስመር ከዚህ ጠርዝ ላይ ነበር መኖር ያለበት። ዲዳ ነው።»

ተገኘ ምቱን አቁሞ ከጭቃው ላይ ቁጭ አለ። «ጊታሩ የለማ! ዓመት ሙሉ…»

ፀገነት አልሰማቻቸውም። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስታለች። መስኮት፣ ከሥሩ መስኮት፣ ከሥሩ መስኮት። ከመስኮቱ ውስጥ የጥፍር ያህል መኪና አለ፣ የገበያው ሕዝብ አለ። ዝቅ አደረገችው። ከመኪናው ላይ አንድ ጎፈሬያም ጊታር አንግቷል፤ አንገቱን ወደ ግራ ዘመም አድርጎ ይስቃል።

አንገቱን! እንዴት ረሳችው?

«እልልልል!» እልልታው ከጫፍ ጫፍ ተሰማ። «ደብሬ! ነይ፣ አባትሽን እይ!»

ልጅቱ አንድ ዓይኗን ጨፍና ተመለከተች። «የቱ ነው እማዬ?»

«አንገቱን ያዘመመው።»

ደብሬ አየችው፣ አየችው። ሳታውቀው የሷም አንገት ወደ ግራ ዘሟል። «እኔን ይመስላል» አለች።

አማከለች ይኸኔ ደርሰዋል። ልጃቸውን በፀሐይ አዩት፣ ፊልሙን ሳሙት፣ አማተቡ። ከዚያ ተገኘን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉት። «ተነሥ አንተ! ምን ያስተክዝሃል?»

«ዲዳ ነው እኮ እማማ።»

«አንተ ዲዳ ነህ? ሲጮህ የዋለው ጉሮሮ የማን ነው? እሱ ይታይ፣ አንተ ዝፈን!»

ተገኘ ቀና ብሎ አያቸው። ደሴን አየው። ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው። ወፉ ግን ተመልሶ ነበርና አበረ «ኧረ ሩዜን!» ብሎ ጮኸ፤ እየተጋፉ ወደ ዘፈናቸው ሮጡ።

አበረ ፊልሙን ለቀቀ፣ ቆርቆሮውን ግን አልሰጥም አለ፤ በጨረታ የገዛው ነዋ። አማከለች ፊልሙን እንደ አራስ ልጅ በነጠላቸው ጠቅልለው አዘሉት። ሩዙ ከገባ በኋላ ትምህርት ቤቱ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ሲያሳይ፣ አንዳርጌ ከግድግዳው ላይ ሳቀ፣ አገሩም ዘፈነለት። ደብሬ ከፊት ተቀምጣ ነበር፣ አንገቷን ዘመም አድርጋ።

እንግዲህ አንዲት ነገር ልለምናችሁ፤ ከቤታችሁ ጥግ ሳይከፈት የኖረ ቆርቆሮ ካለ፣ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት፣ እባካችሁ፣ ክዳኑን ክፈቱት።