ፊደሉ የሚነበበው አሞርዛተር

ሮቤ ውስጥ ሞተር ሳይክል ከሚጠግኑት ሁሉ እንደ ከማለዲን አፉ የሚፈጥን አልነበረም። ጎባ ሁለት ዓመት ሙያ ተምሮ ከመጣ ጀምሮ፣ ከእሱ በቀር ኪያቤ የጨበጠ ሰው ያለ አይመስለውም። የሌለው ነገር ጋራዥ ብቻ ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ላስቲክ ወጥሮ ሠራ። የባሌ ዝናብ ደግሞ ላስቲክ የሚያከብር ዝናብ አይደለም፤ የሰው ካርቡሬተር ፈትቶ ባስቀመጠ ቁጥር ከውስጡ ውሃ ይደፋል። እናም ከዚህ ዓለም የሚመኘው አንድ ነገር ሆነ፤ ለተደራጁ ወጣቶች አስፋልቱ ዳር ከተሠሩት የቆርቆሮ ሼዶች አንዱን ማግኘት። ለዚያ ሲል ተደራጅቷል፣ ጉርድ ፎቶ ሰጥቷል፣ በየስብሰባው ከፊት ወንበር ተቀምጦ አጨብጭቧል። የቀረው የአንድ ሰው ቃል ነበር፤ የሼድ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የወረዳው የእንስሳት ክትባት ኃላፊም የሆነው ኦቦ ባዳሳ።

ኦቦ ባዳሳ ክፉ ሰው አልነበረም። ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነበር እንጂ።

አንድ ቀን ለመሥሪያ ቤቱ አሥራ ሁለት ሞተር ሳይክሎች በካርቶን ታሽገው መጡ። ገጠር ወርደው ከብት የሚከትቡ ባለሙያዎች ይነዷቸዋል፤ ከባለሙያዎቹ አንዷ ሙሉካ ናት፣ የከማለዲን ሚስት። ገጣጣሚው ራሱ ከማለዲን ሆነ። ኦቦ ባዳሳ ሥራውን ሲሰጠው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «እስቲ እንይህ። የሼዱም ነገር አለ» አለው።

የርክክቡ ዕለት እንግዳ ተጠራ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ፎቶ አንሺ መጣ። ኃላፊው የመጀመሪያውን ሞተር የኋላ አሞርዛተር በገዛ እጁ አጥብቆ ሥራውን እንዲያስጀምር ታስቧል። አሞርዛተር ማለት ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ የሚቆሙት፣ ሞላ የለበሱት ሁለት ዘንጎች ናቸው፤ መንገዱ ሲመታ የነጂውን ወገብ ከመመታት የሚያድኑት። ሆዳቸው ውስጥ ዘይት አለ። እነዚህ ዘይታቸው በቦታው ሆኖ የሚሠራው የላዩ ጫፍ ወደ ላይ፣ የታቹ ወደ ታች ሲሆን ብቻ ነው። ሁለቱም ጫፍ ግን ቀለበቱ እኩል ስለሆነ ገልብጦ ለሚገጥማቸውም እሺ ብለው ይገባሉ። የእነዚህን ጽሑፍ ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ ያተመው ሰው እንቅልፉን አልጨረሰም መሰለኝ፣ በትክክል ሲገጠሙ ቀዩ ጽሑፍ በአናቱ ይቆማል።

ኦቦ ባዳሳ ቁጢጥ ብሎ አየው።

«ይኼ ጽሑፍ ለምን ተዘቀዘቀ?»

«ጽሑፉን ነው ገልብጠው ያተሙት፣ ኦቦ ባዳሳ። ዕቃው ልክ ነው። ይቺ ጥርስ ጥርስ ያላት ማስተካከያ ወደ ታች ነው የምትሆነው።»

«ፋብሪካው ተሳስቶ አንተ ልክ ነህ?»

«እንደሱ ሳይሆን…»

«ዛሬ ከፋብሪካ ተጣላ» አሉ ከኋላ የንብረት ክፍሉ ጋሼ ገብረወልድ፣ ጡረታቸውን የሚጠባበቁት ሽማግሌ። «ነገ ከፈጣሪ ነው።»

ሰው ሳቀ። ፎቶ አንሺው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ኦቦ ባዳሳ አሞርዛተሩን ገልብጦ ገጠመው፣ ዳዶውን አጠበቀ፣ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ብልጭ አለ ፎቶው። «አሁን ተነበበ» አለ።

ከማለዲን ኃላፊውን አየ፣ ከዚያ አሻግሮ የሼዶቹን ቆርቆሮ አየ። «ቶሌ» አለ። እሺ ማለቱ ነው። የቀሩትንም እንደዚያው ገጠማቸው። የኃላፊው ፎቶ በትልቁ ታትሞ የመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ተሰቀለ፤ የመግጠሚያ መመሪያ የሚባል ነገር ካለ እሱ ሆነ።

የሙሉካን ብቻ እንደዚያ ሊተወው አልቻለም። ቤት ወስዶ በትክክለኛው አቅጣጫ መለሰውና ጽሑፉ ላይ የከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ጠመጠመበት፤ ለጠየቀ ሁሉ የአቧራ መከላከያ ነው። ሙሉካ በር ላይ ቆማ አየችው።

«የሌሎቹስ?»

«ሼዱን ልያዝ እንጂ ሁሉንም አስተካክላቸዋለሁ።»

«እስከዚያ ወገብ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ?»

«ወላሂ አስተካክላቸዋለሁ አልኩሽ እኮ፣ ሙሉካ።»

ወደ ጎሮ የሚወስደው መንገድ ያን ጊዜ ጠጠር ነበር። አሥራ አንዱ ሞተሮች እንደ ፍየል እየዘለሉ ሄዱ፣ እየዘለሉ ተመለሱ። ከነጂዎቹ ጀርባ በታሰረው የበረዶ ሳጥን ውስጥ የክትባቱ ብልቃጥ እርስ በርሱ እየተማታ ተሰበረ፤ ከብቱ ሳይከተብ ዋለ። ባለሙያዎቹ ማታ ማታ ወገባቸውን ይዘው እንደ አሮጊት ይራመዳሉ። የሙሉካ ብልቃጥ ግን አንድም አልተሰበረም። ሩብ ዓመቱ ሲገመገም የእሷ አፈጻጸም ብቻ ተራራ ሆኖ ታየ።

በዚያ ዘመን የተሳካለት ሰው በሰላም አይቀመጥም፤ ተሞክሮው ይቀመርና ለሌላው ይስፋፋል። ተሞክሮ ቀማሪዎቹም ሞተሯን ከበው ሲያገላብጡ ከመነዳሪውን አገኙ። ፈቱት። ቀዩ ጽሑፍ በአናቱ ቆሞ ታየ።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። ከማለዲንም ተጠራ። ኦቦ ባዳሳ ከፎቶው ሥር ተቀምጧል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው።

«እኛ ለሁሉም እኩል ሞተር ሰጠን። አንድ ባለሙያ ግን ሚስቱን ለይቶ ገጠመላት። ይህን ምን እንበለው?»

«ኪራይ ሰብሳቢነት» አለ አንድ ሰው፣ ቃሉ አፉ ላይ የተዘጋጀ።

ሙሉካ እጇን አወጣች። «ልክ የተገጠመው የእኔ ነው። የቀሩት አሥራ አንዱ ተገልብጠዋል፤ የጓደኞቼ ወገብ ይናገራል። እኔን አትመኑ። ባለሙያው ይኸው፣ እሱን ጠይቁት።»

ይህን ስትል ባሏን አላየችውም። ማየት አላስፈለጋትም፤ አምናዋለች።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ ኦቦ ባዳሳ። «ከማለዲን፣ የሼድ ዕጣችሁ እኔ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ታውቃለህ። ሳትፈራ ተናገር። የቱ ነው ልክ?»

ከማለዲን ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ። የሙሉካ ባልደረቦች፣ ከወንበራቸው ጠርዝ ላይ በአንድ ጎናቸው የተቀመጡት፣ ሁሉም አፉን አፉን ያዩታል።

«ድክመቴን እቀበላለሁ» አለ። «ልክ የሆነው… የፎቶው ነው። ለሚስቴ አዳልቼ አበላሸሁ።»

ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር። ጋሼ ገብረወልድ ብቻ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ «ይኼም ተማርኩ ይላል» ብለው አጠገባቸው ላለው ሰው አንሾካሾኩ።

ስህተቱ እዚያው፣ ግቢው ውስጥ እንዲታረም ተወሰነ። ከማለዲን ተንበርክኮ መፍታት ጀመረ። ሞተሩ እንዳይወድቅ መሪውን የያዘችለት ሙሉካ ናት። ትንፋሿ ይሰማዋል። የግራውን ገለበጠ፣ የቀኙን ገለበጠ። ሲጨርስ የበረዶ ሳጥኗን ከኋላ አሰረችና ሄደች። የግቢው በር ላይ ካለችው ጉብታ ስትደርስ ሞተሩ ከነሙሉካ ብድግ ብሎ መሬት መታ፤ እየዘለለም ወጣ። ኦቦ ባዳሳ ለከማለዲን እጁን ዘረጋለት፤ የእሱ እጅ ግሪስ ስለሆነ አንጓውን ጨብጦ፣ «ቆራጥ ነህ። ቁልፉን ሰኞ ና ውሰድ» አለው።

ሰኞ ቁልፉን ወሰደ። ሐሙስ፣ ከአሥራ አንዱ ሞተሮች አራቱ ዘይት እያንጠባጠቡ ሼዱ ደጃፍ በደረሱ ጊዜ፣ ሙሉካ ከጎሮ ደወለች። ከግምገማው ቀን ጀምሮ ቤት አልገባችም ነበር።

«እዚሁ ቤት ተከራይቻለሁ። በዚህ ሞተር እየተመላለስኩ መሥራት አልችልም።»

«ሙሉካ፣ ሼዱ እኮ ለሁለታችንም ነው። ተሰጠን እኮ።»

«ሰምቻለሁ። መቼ ነው የምታስተካክላቸው?»

ከማለዲን ደጃፉን አየ። ኦቦ ባዳሳ በሚያፈሱት ምትክ ካስመጣቸው አዲስ አሞርዛተሮች ካርቶን አጠገብ ቆሞ፣ ካርቶኑን ላመጣው ሠራተኛ ፎቶውን በስልኩ ያሳያል።

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ ጊዜ አለኝ» አለችው። «የሰዎቹን ወገብ ጠይቅ።» ስልኩ ተዘጋ።

«ማን ነው?» አለ ኦቦ ባዳሳ።

«ደንበኛ ነው» አለ ከማለዲን። ኪያቤውን አነሣና የመጀመሪያውን ሞተር ፈታ፤ አዲሱን አሞርዛተር ከካርቶን አውጥቶ፣ ፊደሉ እንዲነበብ አድርጎ፣ ገጠመው።